ጉሬዛው ሞሰብ ላይ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «ውጭ አትቁም፣ ይዘህ ግባ!» በሉኝ እንጂ። እንዲያ ነው! እግራችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ያንን የሚያንጎላጀውን ቀስቅሱልኝ፤ ኋላ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ እንዳያደርቀኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ከሰው በሚበዛበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ጫካ ዳር አንዲት ሰፌት የምትሰፋ ሴት ነበረች። ስሟ እንጉዳይ ነው። ባሏ ሞቷል። ልጅ የላትም። መሬት የላትም። ያላት አንድ ጎጆና አንድ ወስፌ ነው።

ሌላው ሁሉ ከጫካው ነበር። ስንደዶዋን የምትነቅለው ከጫካው ዳር ነው። አለላዋን የምታቀልመው ከጫካው በለቀመችው ሥርና ቅርፊት ነው። የምትጠጣው ውሃ ከጫካው ግርጌ ከሚፈልቀው ምንጭ ነው። እና አንድ ልማድ ነበራት። አዲስ ሰፌት ልትጀምር ስትል ባዶ እጇን ጫካ ትገባለች። ትቀመጣለች። ታያለች። ከዚያ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

የመንደሩ ሰው ይስቅባት ነበር።

«እንጉዳይ፣ ዛሬስ ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«አይቼ መጣሁ።»

«ማየት ይበላል እንዴ?»

«ለእኔ ይበላል» ትልና መንገዷን ትቀጥላለች። እውነቷን ነው። ያየችውን ትሰፋዋለች፣ የሰፋችውን ትሸጠዋለች፣ በሸጠችው ትበላለች። ታዲያ ማየት ካልተበላ ምን ይበላል?

ከእንጉዳይ አጥር ቀጥሎ ወይዘሮ ላቀች የምትባል ባለጸጋ ትኖር ነበር። በሬ አላት። በቅሎ አላት። ሰፌት የሚሰፉላት ሠራተኞች ቤቷን ሞልተውታል። ጫካ ግን ገብታ አታውቅም። «መዥገር ይይዘኛል፣ ሳማ ይለበልበኛል» ትላለች። አለመግባቷ ባልከፋ፤ ክፋቱ በሩቁ እያየችው መጎምጀቷ ነው።

«ወይ ይሄ መሬት! ይሄ ሁሉ ዛፍ ተመንጥሮ ቢታረስ ስንት ጎተራ ጤፍ ይወጣው ነበር!» ትላለች ጠዋት። ማታም ያንኑ ትላለች። ሆዷ አልሞላም አይደል፣ ዐይኗማ በምን ይሞላል።

አንድ ቀን ነጋሪት ተጎሰመ። የንጉሡ አዋጅ መጣ። ይህ ንጉሥ በወጣትነቱ ትልቅ አዳኝ የነበረ፣ ዕድሜውን ግማሽ በየዱሩ ያሳለፈ ሰው ነበር።

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ንጉሡ ልጃቸውን ሊድሩ ነው! ሰፌት ሰፊ የሆናችሁ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ወር መባቻ ሙዳይ፣ በሁለተኛው ሌማት፣ በሦስተኛው ሞሰብ ይዛችሁ ቅረቡ! ሥራዋ የበለጠች የለመነችው አንድ ነገር ይሰጣታል! አንድ ነገር ብቻ!»

ላቀች ይህን ስትሰማ አጨበጨበች።

«የምለምነውን አውቃለሁ። ጫካውን ነው። አስመንጥሬ አሳርሰዋለሁ።»

ይህንን የተናገረችው ምንጭ ዳር፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እንጉዳይ እንስራዋን አዝላ ሰማቻት። እንስራዋን አወረደችና እዚያው ተቀመጠች።

«ጫካው ከሄደ ምን እሰፋለሁ? ምንጩስ ይቀራል? ምንጩ ከደረቀ መንደሩስ ይቀራል?» አለች ለራሷ። እሷም የምትለምነውን ያን ጊዜ አወቀች።

የመጀመሪያው ወር ቀረበ። እንጉዳይ ባዶ እጇን ጫካ ገባች። ተቀመጠች። ጅግራዎች ተሰልፈው መጡ። ጥቁር ሰውነታቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ነጭ ነጠብጣብ፣ እስከ ጅራታቸው። እንጉዳይ ላባ አልነቀለችም። የወደቀውን እንኳ አላነሳችም። አየች፣ ተመለሰች፣ ግቢዋ ቁጭ ብላ ሙዳዩን መስፋት ጀመረች። በጥቁር አለላ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ነጭ ነጠብጣብ።

ከአጥሩ በስተጀርባ ግን ዐይን ነበር። የማን ዐይን? የላቀች ነዋ! አጥሩን በስታ በቀዳዳው ታያለች። አይታ ስትጨርስ ወደ ሠራተኞቿ ሮጠች።

«በጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ! ቶሎ! ቶሎ! ቶሎ!»

ብዙ እጅ ሥራውን ፈጀው። መባቻው ሲደርስ ላቀች በበቅሎዋ ተቀምጣ ቀድማ ገባች። ንጉሡም «እሰይ! ይህስ ሙዳይ ነው!» አለ። እንጉዳይ በእግሯ ተጉዛ፣ አቧራ ለብሳ ስትደርስ ሙዳይዋን አወጣች። የአዳራሹ ሰው ጉድ አለ።

«ይህን አይቼዋለሁ» አለ ንጉሡ።

«አይ፣ ድሃ ምን ታድርግ፤ የእኔን አይታ ነው እኮ» አለች ላቀች፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

እንጉዳይ ሙዳይዋን አነሳች። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሁለተኛው ወር ቀረበ። እንጉዳይ ባዶ እጇን ጫካ ገባች። ተቀመጠች። ማለዳ ነበር። በሁለት ዝግባ መካከል ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች፤ ጤዛው በድሩ ላይ ተደርድሯል። ከመካከሉ ይነሳል፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ እየሰፋ ይሄዳል። ሌማትም እንዲሁ አይደል? ከእምብርቱ ተነስቶ፣ እየዞረ፣ እየሰፋ የሚሄድ። እንጉዳይ ድሩን በጣቷ አልነካችም። አየች፣ ተመለሰች፣ ግቢዋ ቁጭ ብላ ሰፋች።

ዐይኑም ከአጥሩ ቀዳዳ አልጠፋም። ላቀች ሮጠች።

«ከመካከል የሚነሳ ነጭ መስመር፣ ዙሪያውን የሚዞር! ቶሎ! ቶሎ! ቶሎ!»

መባቻው ሲደርስ ላቀች በበቅሎዋ ቀድማ ገባች። ንጉሡ ሌማቱን አይቶ ተደነቀ። እንጉዳይ በእግሯ ደረሰች፣ ሌማቷን አወጣች፤ ንጉሡ ፊቱ ጠቆረ።

«ሁለተኛሽ ነው፣ አንቺ ሴት።»

«ጃንሆይ፣ ሥራው የእኔ ነው። ያየሁት እኔ ነኝ።»

«እሷም የእኔ ነው ትላለች። እኔ በምን ልለያችሁ? እንግዲህ ቃሌን ስሙ። በሦስተኛው ወር የሰው ሥራ ይዛ የቀረበችውን፣ ማንም ትሁን ማን፣ ከአገሬ አባርራታለሁ!»

እንጉዳይ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ተመለሰች። አልቅሳ አልቅሳ ሲበቃት ተናደደች። ንዴት አንዳንዴ ዐይን ይገልጣል። ግቢዋን ዞር ዞር ብላ ስታይ ከአጥሩ ላይ ቀዳዳ አገኘች። ከቀዳዳው ማዶ ሣሩ በሰው እግር ተደምስሷል።

«አሃ!» አለች እንጉዳይ።

ታዲያ ለምን አልደፈነችውም? አትሉኝም? ብትደፍነውማ ላቀች ሌላ ትበሳለች። አጥር እንደሆነ ረጅም ነው። ለንጉሡ ብትነግረውስ? ማን ያምናታል? ድሃ ሲናገር ጎረቤትም አይሰማው፣ እንኳን ንጉሥ። እንጉዳይ ቀዳዳውን እንዳለ ተወችው። ትታው ግን አሰበች።

ሦስተኛው ወር ቀረበ። ባዶ እጇን ጫካ ገባች። ተቀመጠች። ከላይ ቅርንጫፉ ተንቀጫቀጨ። ቀና ስትል ጉሬዛዎች! ጉሬዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊቱን ነጭ ጠጉር ከቦታል። ጥቁር ነው፤ ከትከሻው ላይ ነጭ ካባ ደርቧል። ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ ረጅሙ ጅራቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ጫፉ ነጭ ነው። እንደ መኳንንት ተደርድረው ተቀምጠዋል። እንጉዳይ ደስ ብሏት ለብቻዋ ሳቀች። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ አየቻቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግቢዋ ውስጥ አልሰፋችም። ቤት ገብታ፣ በሯን ዘግታ ትሰፋለች። ፀሐይ ሲሞቅ ሞሰቡን ግቢ ታወጣና ታሰጣዋለች። ስታሰጣው ግን ገልብጣ ነው። ሞሰብ መቼም ታውቃላችሁ፤ ወገቡ ቀጭን ነው፣ እግሩም አፉም ሰፊ ነው። ክዳኑ ካልተጫነበት ቢገለብጡት እግሩ አፍ ይመስላል፣ አፉም እግር ይመስላል። ጠጋ ብሎ ያላየ አይለየውም።

ላቀች በቀዳዳው አየች። ጥቁር ነገር አየች። ነጭ ጭራ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየች። ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ ማወቅም አላሰኛትም። ሮጠች።

«ጥቁር አውሬ! ነጩ ጭራው ወደ ላይ! ቶሎ! ቶሎ! ቶሎ!»

«እመቤቴ፣ ይሄማ ጉሬዛ ነው» አለች አንዷ ሠራተኛ። «ግን እኮ...»

«ምን ግን ግን ትያለሽ? ስፊ! የምከፍልሽ ለእጅሽ ነው፣ ለምላስሽ አይደለም!»

ሠራተኛይቱ ከጓደኞቿ ጋር ተያየች። ከእነሱ መካከል ጉሬዛ ያላየ አልነበረም። ሁሉም አቀርቅረው መስፋታቸውን ቀጠሉ። ደረቅ ቂጣ እየቆጠረች ለምታበላ እመቤት ማን ምክሩን ያባክናል?

የሦስተኛው ወር መባቻ ደረሰ። ላቀች እንደ ልማዷ በበቅሎዋ ቀድማ ገባች። ሞሰቧን ከንጉሡ ፊት አስቀመጠች። ንጉሡ አየው። ወደ ግራ አዞረው። ወደ ቀኝ አዞረው። አንገቱን ዘመም አድርጎ አየው። መኳንንቱም አንገታቸውን ዘመም አደረጉ።

በዚህ መካከል እንጉዳይ ደረሰች። ሞሰቧን ከላቀች ሞሰብ አጠገብ አስቀመጠች።

«አላልኩም? ጃንሆይ፣ አላልኩም? ዛሬም አይታ ሰራችው! ይፍረዱኝ!» ብላ ላቀች ጮኸች።

«እፈርዳለሁ» አለ ንጉሡ። «አስቀድመሽ ንገሪኝ። ይህ አውሬ ምንድን ነው?»

«ጉሬዛ ነው፣ ጃንሆይ።» ስሙን ከሠራተኛዋ ሰምታው የለ!

«የት አየሽው?»

«ጫካ ነዋ!»

«በዐይንሽ?»

«በዐይኔ በብሌኑ!»

«ጅራቱም እንዲህ ቆሞ?»

ላቀች የንጉሡን ፊት አየች። የእንጉዳይን ፊት አየች። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም አለችና «እንዲህ ቆሞ! ቀጥ ብሎ! ሌላ እንዴት ሊሆን ኖሯል?» አለች።

ንጉሡ ሳቁን መያዝ አቃተው። እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ዕድሜዬን በዱር ፈጅቻለሁ፤ ተቀምጦ ጅራቱን ወደ ሰማይ የቀሰረ ጉሬዛ ግን አላየሁም! እናንተስ?» ብሎ አዳኞቹን ጠየቀ።

«እኛም አላየን!»

ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ። የላቀችን ሞሰብ በሁለት እጁ አነሳና ገልብጦ ከእንጉዳይ ሞሰብ አጠገብ መልሶ አስቀመጠው። ጉሬዛዎቹ ሁሉ ቀና አሉ፤ ጅራታቸው ተንጠለጠለ። ሁለቱ ሞሰቦች አንድ ሆኑ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«እንጉዳይ፣ ይህ እንዴት ሆነ?»

«ጃንሆይ፣ ጎረቤቴ የምሰፋውን በአጥር ቀዳዳ ታያለች። እኔም ገልብጬ አሳየኋት። ጫካ ገብታ ቢሆን ኖሮ ታቃናው ነበር።»

ንጉሡም ሙዳዩና ሌማቱ የማን እንደሆኑ ያን ጊዜ ገባው፤ አፈረ።

«በድዬሻለሁ» አለ። «ሦስቱም ያንቺ ናቸው። በይ፣ አንድ ነገር ለምኚኝ። ላቀች ግን ቃሌ ቃል ነውና ከአገሬ ትወጣለች።»

ላቀች መሬት ላይ ተደፋች። የእንጉዳይን እግር ያዘች።

«እንጉዳይ እህቴ! የአንድ አጥር ሰዎች ነን! ለእኔ ለምኚልኝ! ማሩልኝ በያቸው! አንድ ቃል ብቻ!»

አዳራሹ ሁሉ እንጉዳይን አየ። እንጉዳይም ላቀችን አየቻት። ክፉም ብትሆን ጎረቤት ናት፤ እሳት ተጫጭረዋል፣ ልቅሶ ተደራርሰዋል። ግን ልመናው አንድ ነው። ምሕረት ብትለምንላት ጫካው ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ላቀች ብትተወው ነገ ሌላ ይመጣበታል።

«እትዬ ላቀች፣ አሳዝነሽኛል፤ እውነቴን ነው» አለች። «አንቺ ከዚህ ብትወጪ እግር አለሽ፤ የትም ሄደሽ ትኖሪያለሽ። ዛፍ ግን እግር የለው።»

ወደ ንጉሡ ዞረች።

«ጃንሆይ፣ ጫካው አይቆረጥ። የእኔ ይሁን አላልኩም። የማንም አይሁን፤ ብቻ አይቆረጥ።»

«አይቆረጥም!» አለ ንጉሡ። በዚያው ቀን ነጋሪት ተጎሰመ፤ በጫካው ላይ መጥረቢያ የሚያነሳ እጁን እንዲያጣ ታወጀ።

ላቀች ቤቷን ዘጋች፣ በቅሎዋን ጭና ወንዙን ተሻገረች። ሞሰቡን ግን አልጣለችውም። ባዕድ አገር ደርሳ ጎጆ ቀለሰች፣ እንግዳ ጠራች፣ ሞሰቡንም ከመካከል አቀረበችው። ያም አገር ጫካ ያለበት አገር ነው። እንግዶቹ እንጀራውን ሳይቆርሱ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ፣ በቅንነት፣ ክፋት ሳያስብ፣ እንዲህ ሲል ጠየቃት፦

«እመይቴ፣ ይሄንን የሰፋው ማነው?»

ላቀች ወጥ ጨመረችለት።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ለዚህ ነው፣ ልጆች። ተረቴን አስረክቤያለሁ። የሰማ ይያዘው፤ ያንጎላጀ ከሰማው ይጠይቅ። እኔ ግን ሁለተኛ አልደግመውም፣ ጉሮሮዬ ደርቋል!