የሐሙስ ውሃ

በግንብ በተከበበች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሼህ ጦይብ የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ዝናብ በጠፋበት ዓመት የከተማይቱ አሚር የምንጩን ውሃ በየሰፈሩ የማከፋፈሉን ሥራ ለእሳቸው ሰጧቸው። የተራው ደንብ በሹራው ሸንጎ ተመክሮበት፣ በአሚሩ ስም በመስጊዱ በር ታወጀ። ሐሙስ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ቀን ሆነ።

አንድ ረቡዕ፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ከአሚሩ ግቢ ወረቀት መጣ። «የነገው ውሃ ወደ አሚሩ የአትክልት ቦታ ይዙር፤ ለሰፈሩ ሰዎች ቦዩ ተሰብሯል ይባል» ይላል።

ሼህ ጦይብ ደግመው አነበቡት። ባለቤታቸው ወይዘሮ መዲና ፊታቸውን አይተው ደነገጡ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ሄጄ አሚሩን አነጋግራቸዋለሁ።»

«ኧረ በአላህ! ከእርስዎ በፊት የነበረውን የውሃ ሹም አስረውታል እኮ!»

«አውቃለሁ» አሉ። በቤት ያለችው ውሃ ለመጠጥ ብቻ የምትበቃ ስለነበረች በውሃ ፈንታ በአፈር ተየሙም አድርገው ሁለት ረከዓ ሰገዱና ወጡ።

አሚሩ ፊት ቀረቡ። የተሾሙበትን ማኅተም ከወረቀቱ ጋር ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«ጌታዬ፣ ይህን መፈጸም አልችልም።»

«ውሃው የሚፈልቀው በማን ግዛት ነው?» አሉ አሚሩ በቁጣ።

«ውሃው የአላህ ነው። ለእርስዎ አማና፣ አደራ ሆኖ ተሰጠ፤ እርስዎ ደግሞ እንዳከፋፍለው እኔን ሾሙኝ። ደንቡን መለወጥ ካሻዎት ሹራው ይሰብሰብ፣ ይመከርበት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይታወጅ። ያን ጊዜ የተወሰነውን እፈጽማለሁ። ቦዩ ተሰብሯል ብዬ ግን አልዋሽም። በዚያ ሰፈር ሕፃናት በጥም ዝለው ተኝተዋል።»

አሚሩ ወረቀቱን ከምንጣፉ አንሥተው አዩት። ሼሁ በልባቸው ኢስቲግፋር እያደረጉ የአላህን ምሕረት ይለምኑ ጀመር። የበሩ ዘበኛ እንኳ ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም።

«ተኝተዋል?» አሉ አሚሩ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ለስልሶ። «ይህን የነገረኝ የለም።» ወረቀቱን ቀደዱት። «ማኅተምዎን ያንሱ፣ ሼህ ጦይብ። አትክልቱ እንደማንኛውም ሰው ተራውን ይጠብቅ።»

ሼሁ ከግቢው ወጥተው ጥቂት ተራመዱ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ እንባቸው በጢማቸው ወረደ።

ሐሙስ ጠዋት ውሃው ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ደረሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። አብዱልባሲጥ የሚባል ሸክላ ሠሪ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው።

«ሼሁ፣ አሚሩን አልፈሩም?»

«እንዴት አልፈራ! ነገር ግን ትዕዛዝ ፈጻሚ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ አንዴ የሾመው ሰው ፊት፣ አንዴ አላህ ፊት።»

ሥልጣን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ወደ ድሃው ደጅ የሚደርሰው ግን በሚፈርመውና በሚያከፋፍለው ሰው እጅ ነው። ሼህ ጦይብ አላመፁም፤ በራሳቸው ፈቃድም ደንብ አላወጡም። ነገሩ በሚወሰንበት ቦታ፣ በግልጽ እንዲወሰን ጠየቁ እንጂ። አሚሩስ ቢሆኑ በዚያ ቀን ከበደል የዳኑት «አልችልም» የሚላቸው ሹም ስለነበራቸው አይደለምን? አላህ እንዲህ ያለውን ሰው ከየቢሮው አያጥፋብን።