ልጓም የለመደ እጅ

አንድ ሰው ነበረ። ፈረስ ይወድ ነበር።

መሪጌታ እንዲህ ብለው የጀመሩት ደብሪቱ ጥያቄዋን ጠይቃ ስትጨርስ ነው። ባሏ ከሞተ ዓመት አልፏል። «ሰዉ ሁሉ ያለፈውን እርሺው፣ አለዚያ አትኖሪም ይለኛል። መርሳቱ ደግሞ ክህደት ሆነብኝ። ምን ይሻለኛል፣ አባቴ?» ነበር ያለቻቸው። መሪጌታም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጠሉ።

ሰውየው የአገው ምድር ሰው ነው። ያን ጊዜ ሜዳው እንዲህ በቤት አልታጠረም ነበር፤ ለጥምቀት ፈረሰኛው ሲወጣ ከወንዝ እስከ ወንዝ ይጋለባል። የሰውየው ፈረስ ዳማ ነው፤ ግላሱን እናቱ ናት በእጇ የጠለፈችለት። በጉግስ የሚቋቋመው አንድ ባላንጣ ብቻ ነበረው። ሁለቱ ሲሳደዱ ሴቱ እልል ይላል፣ ሽማግሌው ከተቀመጠበት ይነሣል። እኔም አይቻለሁ። አቧራው ዛሬም ዓይኔ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ዘመን ሄደ። የሰውየው ግራ እግር በቁስል ተበላሸና ሐኪሞች ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሰው ሠራሽ እግር ቢገጠምለትም እርካብ አልይዝ አለው። ዳማውም አርጅቶ ሞተ። ሰውየው ደጁ ላይ ተቀምጦ ስለ ፈረስ ብቻ የሚያወራ ሆነ። መጀመሪያ ሰዉ ቆሞ ይሰማው ነበር፤ በኋላ ግን አንገቱን ደፍቶ ያልፈው ጀመር።

ከተራራው ማዶ ታላቅ እህቱ አለች። ያሳደገችው እሷ ናት። ዓይኗ ጠፍቶ ከቤት አትወጣም። በፈረሱ ዘመን በየሰንበቱ ይጠይቃት ነበር፤ አሁን «ሳልሞት ድምፁን ልስማው» እያለች ሰው ትልክበታለች።

ያ የጉግስ ባላንጣው ይህን ሰማ። እሱ ፈረሱን ሸጦ ሞተር ሳይክል መንዳት ከጀመረ ቆይቷል። መጥቶ «ከኋላዬ ላፈናጥጥህና እንሂድ» አለው።

«እንደ ጆንያ ተጭኜ እህቴ ደጅ አልደርስም።»

«እንግዲያስ ራስህ ንዳው።»

«በየትኛው እግሬ?»

ባላንጣው አሮጌ ሞተሩን ብየዳ ቤት ወሰደው። በግራ እግር ይመታ የነበረው ማርሽ በግራ እጅ እንዲገባ የብረት ዘንግ አስበየደለት። ከዚያም ሰውየውን ወደዚያው ወደ ጥምቀቱ ሜዳ ይዞት ወጣ።

በጉግስ ዘንግ ሲወረወርበት ያልደነገጠ ሰው፣ ሞተሩ ሲነሣ ላብ አጠመቀው። ማርሹን አስገባ፤ ሞተሩ ሄደ። ጥቂት እንደሄደ ፈራና ሊያቆመው ፈለገ። ፈረሰኛ ሲፈራ ምን ያደርጋል? ልጓሙን ወደ ራሱ ይስባል። እሱም የቀኙን እጀታ ወደ ራሱ ሳበ። የሞተር እጀታ ግን ወደ ራስ ሲጠመዘዝ ነዳጅ ነው የሚሰጠው። ሞተሩ አጓርቶ በረረ። ሰውየው በፈራ ቁጥር ሳበ፤ በሳበ ቁጥር ባሰበት። ይዞት ሄዶ ቦይ ውስጥ ጣለው።

«ይኼ እጅ ነው ጉድ የሠራኝ!» አለ፣ ቀኝ እጁን በግራው እየመታ። «ፈረሱን አልረሳ አለ!»

ባላንጣው አቧራውን አራገፈለት። «ምነው ትመታዋለህ? ያን የመሰለ ፈረስ የገራው ይኼ እጅ አይደለም እንዴ? አይርሳ፣ ግድ የለም። ስትፈራ ብቻ አትሳብ። ልቀቀው።»

«ብለቀው ይጥለኛላ!»

«ስትለቀው ነው የሚበርድልህ። ከዚያ በቀኝ እግርህ ፍሬኑን ረገጥ አድርግ። ደግሞ እጀታው ላይ አታፍጥ። እኔን ልታሳድድ ስትመጣ እንዴት ነበር የምታየው? እንደዚያ አርቀህ እይ።»

እንደገና ወጣ። ሞተሩ ሲያጓራ እጁ ሊስብ ቃጣ። ጥርሱን ነክሶ ጣቶቹን አላላ። ሞተሩ ጋብ አለለት። ሚዛን መጠበቁንማ ከዱሮ ያውቀዋል፤ አርቆ ማየቱንም ያውቀዋል። ሲታጠፍ ጉልበቶቹ የሞተሩን ጎን እንደ ፈረስ ጎን ያዙ። ሜዳውን እያለቀሰ ዞረው። ባላንጣው ብቻውን ቆሞ ፎከረለት።

ሰንብቶ ተራራውን ተሻገረ። እህቱ የማታውቀው ድምፅ ደጇ ሲቆም «ማነው እሱ?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች። አንገቱን አቅፋ ስማው ስትጨርስ፣ እጇን ዘርግታ ሞተሩን ነካች። «ውይ፣ ያተኩሳል! ጋልበህ ነው የመጣኸው?»

«አዎ» አላት፤ «ጋልቤ ነው።»

መሪጌታ ወደ ደብሪቱ ዞሩ። «ልጄ፣ ትዝታም እንዲሁ ነው። በፈራሽ ቁጥር ያለፈውን ወደ ራስሽ ትስቢያለሽ፤ በሳብሽው ቁጥር ይዞሽ ይበርራል። እርሺው የሚሉሽ ሰዎች እጅሽን ቁረጪው ማለታቸው ነውና አትስሚያቸው። ከባልሽ ጋር የኖርሽው ኑሮ ነው ሚዛንሽን ያስተማረሽ። ጣትሽን ብቻ አላዪ። ማላላት ክህደት አይደለም። ያ ሰው መሳቡን ባይተው ኖሮ እህቱ ስትጠብቀው ትቀር ነበር። አንቺንም የሚጠብቅሽ ሰው አለ።»

ደብሪቱ «የባሌን ስም ግን ልጥራ?» አለች።

«ጥሪው እንጂ» አሏት መሪጌታ። «ፊትሽን ወደ መንገዱ አድርገሽ ጥሪው።»