ያዮ የተወው ዳጉ

ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርባት አንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሼህ ሸረፉ የሚባሉ ዓሊም ኪታብ ያስቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር። ደረሶቻቸው፣ ተማሪዎቻቸው፣ ከየአገሩ የመጡ ስለነበሩ ለአዲስ ደረሳ አንድ ነባር ይመደብለታል፤ አብሮት ይበላል፣ ጭንቀቱን ይሰማል፣ አደብ ያስተምረዋል።

ከአፋር ቆላ የመጣው ያዮ ለሙህዬ ተሰጠ። ሙህዬ የደጋ ሰው ነው፤ ሶላት የማያልፈው፣ አዛኝ። ያዮ በገበያ ቀን አሞሌ ጭነው ከሚወጡ የአገሩ ሰዎች ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ማን እንደታመመ፣ ዝናብ የት እንደጣለ ሲጠያየቅ ይውላል። አፋሮች ይህን ዳጉ ይሉታል። የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ በእነሱ ዘንድ አማና፣ አደራ ነው፤ ቆሞም አይነገርም፤ እምቢ ያለ ዘመዶቹን እንደካደ ይቆጠራል።

ሙህዬ ይህን አያውቅም። ሐሜት መሰለው።

"ወንድሜ፣ ዒልም ፍለጋ መጥተህ የሰው ሥጋ ትበላለህ?" አለው።

ሌሎቹ ደረሶችም "ወሬ ነጋዴው" እያሉ ሳቁበት። ያዮ አፍሮ ተወ።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ግመል ነጂ ና ተቀመጥ ብሎ ጠራው። ያዮ ትቼዋለሁ ብሎ አለፈ። ሰውየውም ጠልቶናል ብሎ የያዘውን መልእክት ይዞ ወረደ። በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ሰው መጥቶ አረዳው፤ እናቱ ታማ ልጄን ጥሩልኝ ብላ ልካ ነበር፤ አሁን ተቀብራለች።

ሼህ ሸረፉ ሁለቱን አስጠሩ።

"ሙህዬ፣ ምን እንደሚያወሩ ጠይቀኸው ታውቃለህ?"

"አልጠየቅኩትም ሼሃችን። ምከረው ተባልኩ እንጂ ጠይቀው አልተባልኩም።"

ሼሁ ወደ ያዮ ዞሩ።

"እሱን የሾምኩት እኔ ነኝና ሐቅህ እኔ ላይ ነው። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

"አፉ ብያለሁ። እናቴ በመጨረሻ ያለችውን ግን ማን ይነግረኛል?"

ያዮ ወደ ቆላው ወረደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሼሁ በየገበያው ከግመል ነጂዎቹ ጋር መሬት ተቀምጠው ስለ ያዮ ይጠይቁ ነበር። አየሁት ያለ የለም። እንዲመክር የሚሾሙትን ደረሳ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይሉታል፦ "ያልጠየቅኸውን ሰው አትምከር።"

ዛሬም በኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ተማሪን እንዲመክር ይመደባል ይባላል። መልካም ነው፤ ግን ያስፈራል። መካሪው የአገሩን ልማድ ዲን፣ ሃይማኖት አድርጎ ከያዘው የሌላው ልማድ ወንጀል ሆኖ ይታየዋል። ሙህዬ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ያዮ ባልሰማው ነበር። የሰማው ደግ ስለነበረ ነው።