የደረሶ ተራ

አያቶቻችን ራሳቸው «ድሮ» እያሉ በሚያወሩት ዘመን ነው አሉ። ከአቀበት ሥር በተቆረቆረች መንደር ደረሶ የሚባል ጭምት ሸማኔ ነበር። አንድ ቀን ሠርግ ቤት እምቢልታ ሰምቶ መጣና ለሚስቱ ለዘርትሁን «ከእንግዲህ እንጀራዬ እሱ ነው» አላት።

ዘርትሁን ሳቀች። «ሸማውስ?»

«በክረምት እሠራዋለሁ።»

እምቢልታ፣ ልጆቼ፣ ለብቻ አይነፋም። አንዱ አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ ሦስት ሆነው ተራ በተራ ሲቀባበሉት ነው ዜማ የሚሆነው። የነፊዎቹ አለቃ አያ ውቤ ልማር ብሎ የመጣውን ደረሶን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሙሽራ ማጀብ አቀበት ያስወጣል። እስቲ እየነፋህ ውጣ።»

ደረሶ ግማሽ ሳይደርስ ዞሮት ወደቀ። በማግስቱም ወጣ፤ ወደቀ። በሠልስቱም ወጣ፤ ወደቀ። ሰዉ «ሸማኔው አበደ» አለ። ጤፍ ታጭዶ ሲከመር ግን ትንፋሹ ሳይቆረጥ ጫፍ ደረሰ።

«መንፋቱንስ ነፋህ፤ ዝም ማለቱስ?» አሉት አያ ውቤ።

እውነትም አብረው ሲነፉ እየቸኮለ ከሰው ተራ ይገባል። ቢተው የሚባለው ነፊ «ወደ ጉድጓድህ ተመለስ፣ ሸማኔ!» እያለ ይስቅበታል። ደረሶም እግሩን ከትቶ ወደሚሸምንበት ጉድጓድ ተመለሰ። መወርወሪያው ወደ ቀኝ ሲሄድ የአንዱን ተራ ያስባል፤ ወደ ግራ ሲመለስ የሌላውን፤ ማጉን ሲያጠብቅ በአፉ የራሱን ድምፅ ያወጣል። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሁው። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሁው። ዘርትሁን ሳትቀር ጥጥ እየፈተለች ሁው ትል ጀመር።

ጥር ገባና ደረሶ ከአያ ውቤና ከቢተው ጋር ሙሽራ ሊያጅብ ወጣ። አቀበቱ መሀል ሲደርሱ ቢተው ትንፋሽ አጠረው። ድምፁ ጠፋ፤ ዜማው ጎደለ። አጃቢው «ደረሶ! አንተ ንፋለት!» ብሎ ጮኸ። ቢነፋ ይችል ነበር፤ የቢተውም ነፊነት በዚያው ባበቃ። ደረሶ ግን የራሱን ነፍቶ የቢተውን ቦታ በባዶው ተወው። እርምጃውንም ቀነሰ። አያ ውቤም ቀነሱ፤ አጃቢው ሁሉ ቀነሰ። አንድ ተራ በዝምታ አለፈ። ሁለት አለፈ። በሦስተኛው ቢተው እምቢልታውን አነሣና ገባ። የሴቱ እልልታ አቀበቱን ሞላው።

ጫፍ ሲደርሱ አያ ውቤ «ለምን አልነፋህለትም?» አሉት።

«ተራው የእሱ ነዋ፣ አያ።»

«በል እንግዲህ፣ ነፊ ሆነሃል።»

ቢተው የደረሶን እምቢልታ ተቀብሎ እስከ ሙሽራው ቤት ተሸከመለት።

ደረሶም እስኪያረጅ በእምቢልታው አደረ፤ ክረምት ክረምት ሸማውን እየሠራ። በዚያ አገር ዛሬም ሙሽራ አቀበቱን ሲወጣ ነፊዎቹ መሀሉ ላይ አንዱን ተራ በባዶው ያሳልፉታል። ሰውም የሰው ንግግር ሲያቋርጥ ሽማግሌዎች ክንዱን ያዝ አድርገው «የደረሶን ተራ ስጠው» ይሉታል።