ሳይፈርስ የቀረው ምሽግ

አንድ ግንበኛ ነበር፤ ጓንጉል የሚባል። የሚኖርበት አገር ባሕር ተሻግረው በመጡ ባዕዳን እጅ ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ባዕዳኑ የአገሩን ሰው በጅራፍ እየነዱ ከወንዙ መሻገሪያ በላይ ባለው ገደል ጫፍ ላይ ምሽግ አሠሩ። ከዚያ መሻገሪያ በቀር ሌላ መንገድ የለም። እህል የሚሸጠውም፣ ሙሽራ የሚያመጣውም፣ ሬሳ የሚሸኘውም በመድፎቹ አፍ ሥር ነው የሚያልፈው። የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ከመንገድ ይመለሳል፤ የተከራከረ ደግሞ ወደ ምሽጉ ተወስዶ ወሬው ይጠፋል።

ያን ምሽግ ሲሠራ የግንበኞቹ አለቃ ጓንጉል ነበር። ተገድዶ ነው የሠራው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ለሚስቱ እንኳ ያልነገራት አንድ ነገር ነበረችው። ግንቡን ይወደው ነበር። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ድንጋይ ጠርቦ፣ እንደዚያ ያለ ማዕዘን አቁሞ አያውቅም። ገበያ ሲወርድ ሰው ሁሉ ምሽጉን ላለማየት አንገቱን ሲደፋ እሱ ሰረቅ አድርጎ ያየዋል። ወዲያው ደግሞ በራሱ ያፍራል።

በዚያ አገር ግንበኞች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ቤት የሚያሠራ ሰው ሥራው ሲያልቅ ሠራተኞቹን እዚያው ቤት ውስጥ አስቀምጦ ማብላት አለበት። እስኪያበላ ድረስ ግንበኛው ከግድግዳው እግር ሥር፣ ከውጭ እስከ ውስጥ የምታልፍ አንዲት ረጅም ድንጋይ ኖራ ሳያስነካ በደረቁ ይተዋል። ድግሱ ከተበላ በኋላ ድንጋይዋ በኖራ ትታሰራለች፤ ያን ጊዜ ቤቱ የባለቤቱ ሆነ ይባላል። ባዕዳኑ ይህን አያውቁም። ቢያውቁስ ማን ሊያበላ! ምሽጉ ያለቀ ዕለት ሠራተኛውን በሰደፍ እየገፉ አባረሩት። ስለዚህ በወንዙ በኩል፣ ከተነሣች ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባባት አንዲት ድንጋይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለ ኖራ ተቀመጠች። የሚያውቁት ግንበኞችም አፋቸውን ያዙ።

አገሩ ያመፀ ጊዜ የአማፂዎቹ መሪ ምሽጉን ሦስት ጊዜ በፊት ለፊት ገጥሞ ሦስት ጊዜ ሰው አስጨርሶ ተመለሰ። ይህን ያየው ጓንጉል ከልጅነት ወዳጁ ከብረት ቀጥቃጩ ከደርሶ ጋር ወደ መሪው ሄደ። የድንጋይዋን ነገር ጓንጉል ሲናገር መሪው ከመቀመጫው ተነሣ። ደርሶ ግን የሚለው ነገር ነበረው።

«መንገዱን እናሳይዎታለን፤ ምሽጉ ሲያዝ ግን ይፍረስ። ይማሉልን።»

መሪውም «ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብተው ይህ እጄ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ባዕዳኑ ከሙቀቱ የተነሣ ጋደም በሚሉበት ሰዓት፣ ደርሶ በሠራው ድጅኖ ድንጋይዋን ፈነቀሏት። አርባ ሰው አንድ በአንድ ተስቦ ገባ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የባዕዳኑ ሰንደቅ ወረደ። እልልታው ማዶ ለማዶ ተሰማ። ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጓንጉልን በትከሻቸው ተሸክመው ገበያውን አዞሩት፤ ደስታው ሊያፈነዳው ደረሰ።

በነጋታው ሕዝቡ ዶማና ድጅኖ ይዞ ወደ ምሽጉ ወጣ። ከፊት የሚመራው ደርሶ ነበር፤ ሌሊቱን ከእሳቱ ሳይለይ ሲቀጠቅጥ ያደረባቸውን ሰባት ድጅኖዎች ለሰው አድሏል። የመጀመሪያው ድጅኖ ማዕዘኑን ሲመታ ጓንጉል ከሰው መካከል ወጣ። ሮጦ ግንቡን ተደግፎ ቆመ።

«ወገኖቼ፣ ቆዩ! ይህ እኮ ላባችን ነው። ጠላት ሄደ፤ ድንጋዩ ምን አደረገ? ከእንግዲህ የራሳችን ነው፤ ይጠብቀናል።»

«ጓንጉል፣» አለ ደርሶ፣ «መድፎቹ ወዴት እንደተደገኑ ቀና ብለህ እስቲ እይ። ወደ ባሕሩ ነው ወይስ ወደ ገበያችን? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ዛሬ በትኩሱ ካልፈረሰ መቼም አይፈርስም።»

ጓንጉል እውነቱን መሆኑን ያውቅ ነበር። ለዚያ ነው የተናደደው። «የቀጥቃጭ ነገር!» አለ ጮክ ብሎ። «እናንተ ማቅለጥና መደብደብ እንጂ መገንባት የት ታውቃላችሁ?»

ሕዝቡ ሳቀ። የትናንት ጀግና ከተናገረ ማን አይስቅ። ደርሶ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ድጅኖውን መሬት ላይ አኖረና ወደ ቤቱ ወረደ። መሪው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከምሽጉ አናት ላይ ሆኖ መሻገሪያውን ቁልቁል ሲያይ ነበር። ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት «ጀግናችን እንዳለው ይሁን» አለ። መሐላውን ያስታወሰ አልነበረም፤ ያስታወሰም ዝም አለ።

መሪው ብልህ ሰው ነው፤ የአገሩንም ልማድ ያውቃል። በሳምንቱ ሁለት ሰንጋ ጥሎ ግንበኞቹን ምሽጉ ውስጥ አበላ። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ጓንጉልን ጠርቶ «በል እንግዲህ፣ ያቺን ድንጋይ እሰርልኝ» አለው። ጓንጉልም ኖራውን በገዛ እጁ አቡክቶ አሰራት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያልቅ የቀረ ሥራው ስለነበር እጁን ሲታጠብ ልቡ ሞቀው።

የመጀመሪያው ዓመት ደግ ነበር። በሁለተኛው ዓመት «ሌባ በዛ» ተባለና መሻገሪያው ላይ ዘብ ቆመ። በሦስተኛው የይለፍ ወረቀት ተመለሰ፤ የባዕዳኑ ማኅተም ተፍቆ አዲስ ተመቶበታል። ደርሶ በገበያ መካከል «ወረቀቱን ያመጡት ሰዎች ሄዱ፤ ወረቀቱ ግን ይኸው ከእኛ ጋር ነው» ብሎ ተናገረ። ያን ዕለት ከሰዓት ይዘውት ወደ ምሽጉ ወሰዱት፤ ምድር ቤት አስገብተውም ቆለፉበት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ጓንጉል ያን ጊዜ ወደ መሪው ሮጠ።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው እኮ ከእኔ ጋር መንገዱን ያሳየዎት ነው!»

«ለዚህ ነዋ የምፈራው» አለ መሪው ድምፁን ሳያነሣ። «ምሽግ እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው ውጭ ሲዞር እኔ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እኔስ? እኔም አውቃለሁ።»

«አንተማ ድንጋይዋን ራስህ አስረህልኛል። አንተን ምን ብዬ ልፍራህ?»

ጓንጉል ባዶ እጁን ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ስንቅ እየያዘ ወደ ምሽጉ ይመላለስ ጀመር። ዘቦቹ ስንቁን ይቀበሉታል፤ እስረኛውን ግን ማየት ክልክል ነው። ከምድር ቤቱ የአየር መግቢያ አጠገብ ቆሞ ጥቂት ቢያወራ ብቻ ዝም ይሉታል። አንድ ዝናባማ ቀን ግንባሩን ከግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

«ደርሶ፣ ያን ቀን በሰው ፊት አዋረድኩህ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ወዳጅነትህን ለድንጋይ ብዬ ሸጥኩት። ይቅር በለኝ።»

ከውስጥ ሳል ተሰማ።

«ጓንጉል» አለ ደርሶ።

«አቤት፣ ወንድሜ።»

«ውጭ ይዘንባል አይደል? እዚህ ጠብታ እንኳ አይገባም። እጅህ ይባረክ፤ ጥሩ አድርገህ ነው የገነባኸው።»

ሊያሽሟጥጥ ብሎ አልነበረም። ጓንጉልን በቁሙ የገደለው ይኸው ነው። ዕድሜ ልኩን ስለዚያ ግንብ አንድ ሰው እንዲያመሰግነው በሆዱ ሲመኝ ኖሯል፤ ምስጋናው የመጣለት ከዚያ ቀዳዳ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ደርሶ እዚያው አረፈ። ጓንጉልም መዶሻውን ለሰው ሰጠ።

ወዳጆቼ፣ ጠላትን ማባረር ከባድ ነው፤ ደም ይጠይቃል። የጠላትን ምሽግ ማፍረስ ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ላባችን ፈስሶበታል፣ እጃችንም አምሮበታል። «አሁን የኛ ነው» ስንል ደግሞ ልባችን ይሞቃል። ምሽግ ግን ውስጡ ማን እንደገባ አያውቅም፤ አፉ ወደ ዞረበት ይተኩሳል። የደከምንበትን ክፉ ነገር «ደክሜበታለሁ» ብለን የምናቆየው ከሆነ፣ አንድ ቀን የምንወደው ሰው ውስጡ ይገኛል።

እስቲ ልባችሁን ጠይቁት፤ ላባችሁ ስለፈሰሰበት ብቻ ማፍረስ ያቃታችሁ ምንድን ነው? «ይፍረስ» ብሎ የመከራችሁን ወዳጅስ በሰው ፊት ምን ብላችሁ ሰደባችሁት? ዛሬ ያ ሰው በሕይወት ካለ፣ ሂዱና በሩን አንኳኩ።