አያ ጅቦ ሲደግፍ

በድሮ ዘመን የቆላ አገር አራዊትና የደጋ አገር አራዊት በየዓመቱ በሞላላ ቅል ይጋጠሙ ነበር። ሰዎች ራግቢ የሚሉት ዓይነት ጨዋታ ነው፤ ቅሏን ነጥቆ መሮጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መገፋፋት፣ ሲመቻችም በሁለት ግራሮች መካከል መለጋት። ሕጋቸው ሁለት ነበር። በጨዋታ ቀን ማንም ማንንም አይበላም። ቅሏን የሚለጋው ለምት ሲዘጋጅ ደግሞ ወዳጅም ተጋጣሚም ጸጥ ይላል።

አያ ጅቦ የቆላ ደጋፊ ነበር። አገሩ ስታሸንፍ አይቶ ስለማያውቅ ይህን ሳያይ መሞት አልፈለገም። ስለዚህ የደጋው ወይፈን ሊለጋ ሲንደረደር አፉን ከፍቶ ጮኸበት። ወይፈኑ ደነገጠ፤ ቅሏም ከግራሮቹ ውጭ ወጣች።

ዳኛው አንበሳ ጨዋታውን አስቁሞ መጣ። «አያ ጅቦ፣ ሕጉን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ለጠላት የሚሠራ ግን አልመሰለኝም።»

«ከደገምከው ከሜዳ ትወጣለህ» ብሎት ተመለሰ።

ቀጥሎ የቆላ ዋና መቺ አህያ ከሜዳው ዳር ድረስ መጣ። ብዙም አልተጠጋም። «አያ ጅቦ፣ በአገራችን ይዤሃለሁ፣ ዝም በል። ያንተን ድምፅ ስሰማ እግሬ አይታዘዘኝም።»

«ለወይፈኑ እኮ ነው የጮህኩት።»

«ለማን እንደሆነ ጆሮዬ አይለይልኝም» አለ አህያ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቆላ በጥቂት ነጥብ ተበልጣ ሳለ የመጨረሻው ምት ለአህያ ደረሰው። ካገባ ቆላ ታሸንፋለች። አህያ ጀርባውን ለቅሏ ሰጥቶ የኋላ እግሩን አስተካከለ። ሜዳው ጸጥ አለ። ደጋዎች እንኳ የወይፈናቸውን ነገር ትተው ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ከአያ ጅቦ ጎን የተቀመጠችው የደጋ ደጋፊ እመት ቀበሮ ግን ጠጋ አለችው። «አያ ጅቦ፣ ለእኛ ወይፈን ያን የመሰለ ድምፅ አውጥተህ ለራስህ አህያ ዝም ትላለህ? ይከፋዋል እኮ።»

አያ ጅቦ አሰበበት። ማሰብ ልማዱ ስላልነበረ ብዙም አልቆየበትም። እውነቷን ነው አለ በልቡ። ተነሣ፣ ደረቱን ነፋ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

አህያ ቅሏን ትቶ ፈረጠጠ።

አያ ጅቦም ሊያረጋጋው ተከተለው። «አይዞህ፣ እኔ ነኝ» ይል ነበር። ይህ አህያን ይበልጥ አስሮጠው። ትንሽ እንደሄዱ አያ ጅቦ ከፊቱ የሚወዛወዘውን ዳሌ እያየ ለምን እንደሚሮጥ ረሳ። ሊነክሰው ጥቂት ሲቀረው ያ የተጮኸበት ወይፈን ከጓደኞቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መሐል ገባ። አያ ጅቦ ተላትሞ ተንከባለለ።

«ላረጋጋው ነበር» አለ ከወደቀበት።

«ለሃጭህን ጠርገህ ተናገር» አለው ወይፈኑ።

አንበሳ አያ ጅቦን ዳግመኛ ሜዳው እንዳይደርስ ብሎ አባረረው። ምቱ ባክኗል፣ ደጋ አሸንፋለች ሊል ሲል ግን ወይፈኑ ቀደመው። «እንዲህ ያለውን ድል አንወስድም። አህያ እንደገና ይምታ።»

አያ ጅቦ ከሜዳው ማዶ ካለ ኮረብታ ጀርባ ተቀምጦ ጆሮውን አቆመ። ብዙም ሳይቆይ እመት ቀበሮ አንገቷን ደፍታ መጣች። ሹክሹክታዋን የሰሙት ደጋዎች ራሳቸው አባርረዋት ነው።

«መታ?» አላት።

«ስወጣ ገና እግሩን እያስተካከለ ነበር።»

ወዲያው ከሜዳው ታላቅ ጩኸት ተነሣ። አያ ጅቦ ብድግ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቀን ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚጮኹት ቆላም ደጋም አብረው ነበርና፣ ለማን እንደሆነ ጆሮው አልለይለት አለ።

ከዚህ የምንማረው ተጋጣሚውን የማያከብር ደጋፊ በመጨረሻ የሚያስደነግጠው የራሱን ተጫዋች መሆኑን ነው።