ምድር ቤቱ ሲያልቅ

አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነበር። ስሙ ደባልቄ ይባላል። ሱቁ ውስጥ ከምስማር እስከ መታጠቢያ ገንዳ የሌለ ነገር አልነበረም፤ የከተማው ሰው ቤቱን ጀምሮ የሚጨርሰው በእሱ ዕቃ ነው። የራሱን ቤት ግን መጨረስ አቅቶት ኖረ። እርግጥ ላይኛው ቤት ካለቀ ቆይቷል፤ ከሚስቱ ከሙሉነሽና ከልጆቹ ጋር ይኖርበታል። አላልቅ ያለው ምድር ቤቱ ነው።

ቤቱ የተሠራው ተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ከፊት ለፊት ወደ ሳሎኑ የሚገባው ረጅም ደረጃ ተወጥቶ ነው። ምድር ቤቱ ግን በሩ በጓሮ በኩል ከታችኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነ የሚወጣ የሚወረድ ነገር የለውም። ደባልቄ ይህን ክፍል ሲያሠራ ያሰበው ለታላቅ እህቱ ለይርገዱ ነበር። እናትና አባታቸው ገና በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። ጠላ ጠምቃ አስተማረችው፤ እሱን ለሰው እጅ አልሰጥም ብላ ባልም ሳታገባ ቀረች። አሁን በትውልድ መንደራቸው ብቻዋን ትኖራለች፤ ጉልበቷም ደረጃ አልወጣም ካለ ሰንብቷል። «ምድር ቤቱ ሲያልቅ እወስድሻለሁ» አላት። እሷም እሺ አለች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ቀላል ነበር። ግድግዳው ተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ ሆነ፣ ወደ መንገዱ የምታሳይ አንዲት ሰፋ ያለች መስኮት ተገጠመች። አልጋ ቢገባበት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። አልጋው ሊገባ ሲል ግን ለሱቁ አዲስ ሴራሚክ መጣ፤ የሰው ፊት የሚያሳይ፣ የሚያብረቀርቅ። ደባልቄ ሴራሚኩን በመዳፉ ዳበሰና፣ እኔ ይህን እየሸጥኩ እትዬ ሊሾ ላይ ልትኖር ነው ወይ ብሎ ራሱን ወቀሰ። ወለሉ በሴራሚክ ተሸፈነ።

ወለሉ ሲያምር ደግሞ ኮርኒሱ አስጠላው። አስፈረሰውና ጂፕሰም ይሁን አለ። የጂፕሰሙ ሥራ እንደተጀመረ አንድ ደንበኛ መጥቶ፣ አንድ ሀብታም ሰው ቤት ስላየው፣ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚሠራ ቁም ሣጥን አወራለት። ለቁም ሣጥኑ የሚሆን ግድግዳ ሲፈለግ የተገኘው የመስኮቱ ግድግዳ ነው፤ መስኮቷ ተደፈነች። መስኮቷ ስትደፈን ክፍሉ ጨለመ፤ ለጨለማው ልዩ መብራት ታዘዘ፤ መብራቱ እስኪመጣ ደግሞ ቀለሙ ቆመ። አይ ደባልቄ! እንዲህ ነው ሥራ ሥራን የወለደበት።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። እህቱን ከልቡ ይወዳታል፤ እንዲህ የሚለፋው ሁሉ ስለሚወዳት ነው። በየሳምንቱ ይደውልላታል። እሷ ደህና ነኝ ትለዋለች፤ ቀጥላም ቤቱ እንዴት ሆነ ትላለች። እሱም «አላለቀም፣ ትንሽ ነው የቀረው» ይላታል። የሰው ገላ ሲከሳ በስልክ አይሰማ ነገር፣ ድምፅዋ ሁሌ ያው ነው። ሚስቱ አንድ ጊዜ፣ እሷን አምጣትና የቀረውን እዚያው እያለች ብትጨርሰው ምን አለበት ብትለው ተቆጣ። እህቴ ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር የምትከማች ዕቃ ናት ወይ አላት። ሙሉነሽም ከዚያ ወዲህ አፏን ያዘች።

ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ጠና የሚባሉ የመንደራቸው ሽማግሌ ምስማር ሊገዙ ወደ ሱቁ ጎራ አሉ። አገሩ ላይ ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ጥሎ የስንቱን ክዳን እንዳነሳ፣ መብራትም ከጠፋ እንደሰነበተ ነገሩት። ደባልቄ ምስማሩን እየመዘነ የእህቱን ደህንነት ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አስተካከሉና፣ «ይርገዱማ አልቃለች እኮ፣ ልጄ» አሉት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሳች፣ ተጎሳቆለች ማለታቸው እንደሆነ ገብቶት በአዘኔታ ያልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ እንደ ድንጋይ ደረቱ ላይ አረፈ። ስንት ዘመን ሙሉ አላለቀም፣ አላለቀም ሲል ኖሯል። ቤቱ አላልቅ ሲል እያለቀች የነበረችው እሷ ናት። ስልኩን አንስቶ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። መብራት ስለሌለ ይሆናል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ልቡ ግን እሺ አላለውም። በማግስቱ ማለዳ ሱቁን ለሙሉነሽ ትቶ የመጀመሪያውን መኪና ያዘ። መንገዱን ሙሉ የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሕይወት እንዲደርስባት።

ከመኪናው ወርዶ ቁልቁል ወደ መንደሩ አየ። እህቱ ግቢ ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ድንኳን ለሠርግም ይተከላል፤ ይርገዱ ግቢ ግን የሚዳር ልጅ የለ። በቃ፣ አልደረስኩም አለ።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሄደ አያውቀውም። አጥሩ ጋ ሲደርስ የአገሩ ወግ እንደሚያዘው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «ወየው! ሳልደርስ! ወየው ሳልደርስ!» እያለ ገባ። በዚያ አገር ደግሞ ለቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ኋላ ነው። የድንኳኑን ገመድ የያዙት ወንዶች ገመዱን ለቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እሪ አሉ። ከቤቱ ውስጥም አንዲት ሴት በምርኩዝ እየተንገዳገደች፣ ምን አገኘብኝ ወንድሜን እያለች ወጣችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ መንደርተኛው ከቧቸው፣ ደህና አድርገው አለቀሱ።

ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለትና ጠየቀችው።

«ማን ነው የሞተው፣ ደቤ?»

ደባልቄ ቀና ብሎ አያት። ይርገዱ ናት።

«አንቺ» አላት።

«እኔ? መቼ?» አለችው ደንግጣ።

ደባልቄ እጁን ወደ ድንኳኑ ዘረጋ። አንዱ እድርተኛ ነገሩ ቀድሞ ገባውና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ድንኳኑ ለካ በዚያ ዝናብ ርሶ ኖሮ፣ እንዳይሻግት ብለው ግቢዋ ሰፊ ስለሆነ ሊያደርቁት ነው የተከሉት። ቅድም ያለቀሰው ሰው ሁሉ አሁን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ይርገዱም ሳቀች፤ «ምነው ታዲያ እኔ ሳልሰማ!» እያለች፣ ምርኩዟ እስኪወድቅ ሳቀች። ደባልቄ ብቻ እዚያው ጭቃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እግሯን አቅፎ፣ ቅድም ካለቀሰው የባሰ አለቀሰ፤ የደስታ ነው። እንደዚያ ያለ ደስታ ሱቁን የከፈተ ቀንም፣ የመጀመሪያ ልጁ የተወለደ ቀንም አልተሰማውም። ሞታ ነበረች፤ አሁን አለች።

ልቡ ሲመለስለት ግን በደንብ አያት። አቶ ጠና አልዋሹም። ያ የውሃ እንስራ እያነሳ ያሳደገው ክንድ ጭራሮ ሆኗል። ተደግፋው ወደ ቤት ሲገቡ ዙሪያውን ተመለከተ። ክዳኑ ያፈሳል፤ ወለሉ ላይ ባልዲና ድስት ተደርድሯል። ጓሮዋ ያልተዘራበት ነው፤ ጎመን እንኳ የለውም። ላሟ የለችም። ጥግ ላይ ግን በገመድ የታሰረ ጥቅል ዕቃ ተቀምጧል፤ ገመዱ ከመቆየቱ ብዛት አቧራ ጠጥቷል።

«እትዬ፣ ክዳኑን ለምን አላስጠገንሽውም?» አላት።

«ልሄድ አይደል? ትቼው ለምሄደው ቤት ምን አደከመኝ?»

«ላሟስ?»

«ልትወስደኝ ነው ብዬ ሸጥኳት። ትንሽ ነው የቀረው ስትለኝ ጊዜ፣ ጓሮውንም ዘንድሮ ይቅር አልኩት» አለችው። የምትወቅሰው አትመስልም፤ ያለውን ነገር እንደምትነግረው ብቻ ነው።

ደባልቄ አንገቱን ደፋ። እሱ እዚያ አንድ ነገር በጨመረ ቁጥር እሷ እዚህ አንድ ነገር ትቀንስ ነበር። እዚያ ያለው ቤት አልተሰጣትም፤ እዚህ ያለውን ደግሞ በእሱ ቃል ተማምና ለቀቀችው። የሚያፈስ ክዳን ስር፣ ዕቃዋን ጠቅልላ፣ ጂፕሰም እስኪደርቅ ስትጠብቅ ኖራለች።

«ተነሺ እንሂድ» አላት።

«አለቀ እንዴ?»

አዎ አለቀ ብሎ ሊዋሻት ዳዳው። ከዚያ ግን፣ «አላለቀም» አላት።

«በር አለው?»

«አለው።»

«ክዳኑ ያፈሳል?»

«ኧረ አያፈስም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያላለቀው?»

ደባልቄ አሰበ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆጥረው ሰው፣ ለዚህች ጥያቄ የሚሆን አንድ መልስ አጣ። ጥቅሉን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። መንደርተኛውም ቅድም ያላለቀሰላትን ለቅሶ አሁን እያለቀሰ ሸኛት።

ደባልቄ ከመንገድ ደውሎ ስለነገራት ሙሉነሽ ምድር ቤቱን ጠርጋ፣ የሲሚንቶውን ከረጢት በአንድ ጎን ደርድራ፣ አልጋ አንጥፋ ጠበቀቻቸው። ይርገዱ በሩ ላይ ያለምንም ደረጃ ሰተት ብላ ገባች፤ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ግን ምርኩዟ ሴራሚኩ ላይ አዳለጣትና ደባልቄ ቀለባት። ወለሉን አጎንብሳ አየችና፣ «ደቤ፣ ይህ የሚረገጥ ነው ወይስ ፀጉር ማበጠሪያ መስተዋት?» አለችው። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኝታ መንገዱ የት አለ አለች። ጂፕሰሙን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ስለ ቁም ሣጥኑ ግን፣ አንዲት ጥቅል ልብስ ላላት ሴት ይህ ሁሉ መሳቢያ ለምን እንደሆነ ጠየቀች።

ደባልቄ እየሳቀ ራሱን ያዘ። ለእሷ ብሎ የለፋበት ሁሉ ለእሷ የማይሆን ነበር። ሠራተኞቹ ሲመጡ ትእዛዝ የሰጠችው ይርገዱ ናት፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በምርኩዟ እያመለከተች። አብረቅራቂው ወለል ተነስቶ እግር የሚይዝ ሸካራ ንጣፍ ገባ። ቁም ሣጥኑ ወጥቶ ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ መስኮቷም ተከፈተች። አልጋዋ አጠገብ ስትነሳ የምትይዘው አንድ ብረት ግድግዳው ላይ ተገጠመላት፤ ይህን ደባልቄ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም ነበር። ያ አላልቅ ያለ ቤት፣ የሚኖርበት ሰው ከገባ በኋላ ወር እንኳ ሳይሞላው አለቀ።

አሁን ይርገዱ ጉንጯ ሞልቶ መስኮቷ አጠገብ ትቀመጣለች። በታችኛው መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሰላም ሳይላት አያልፍም። ደባልቄም ወደ ሱቁ ሲሄድ በፊት በር ወጥቶ፣ ዞሮ በመስኮቷ በኩል ካላያት ቀኑ አይጀምርለትም። አንዱ የጂፕሰም ጥግ እስከ ዛሬ ድረስ እንደተጀመረ ነው፤ ይርገዱ ተወው ስላለች ተትቷል። ወዳጆቹ ያን ጥግ እያዩ ምድር ቤቱ አለቀ ወይ ሲሉት፣ ወደ እህቱ ይመለከትና «አዎ፣ አልቋል» ይላቸዋል።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ ስለ ሴራሚክ አይደለም። ፍቅራችንን ለነገ የምናስቀምጠው ብዙ ጊዜ ከክፋት አይደለም፤ ለምንወደው ሰው የምንሰጠው እንዲያምር ስንል ነው። የሚጠብቀን ሰው ግን በእኛ ቃል ተማምኖ ክዳኑን ሳያስጠግን፣ ጓሮውን ሳይዘራ ይቀመጣል። ደባልቄ ዕድለኛ ነው፤ ያለቀሰው ሊደርቅ ለተተከለ ድንኳን ነበር። ሁሉም ድንኳን ግን ሊደርቅ አይተከልም። በርና ክዳን ካለው ሰውየው ይግባበት፤ የጎደለውን እሱ ራሱ ይነግረናል።

እናንተስ «ሲያልቅ» ያላችሁት ነገር ምንድን ነው? እሱ እስኪያልቅ ዕቃውን ጠቅልሎ የሚጠብቃችሁስ ማን ነው?